በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣም፦ የሳን ፍራንሲስኮው የጋራ መሥሪያ ቦታ ጉዳይ

ከቤት ወይም ከካፌ የሚሠሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ኮዎርኪንግ (የጋራ መሥሪያ ቦታ) ገብቼ የወር ከፈልኩ። ዋይፋዩ ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ግን ሌላ ምን አገኘሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚከፈለው ለጠረጴዛ፣ ለወንበርና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ይከብዳል።

መልሱን ፍለጋ ወደ አንድ የቆየ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ጊዜው እኛ አገር የ97 ምርጫ ወሬ ገና ያልበረደበት ክረምት። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ጠረጴዛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ። ዛሬ በየከተማው «ኮዎርኪንግ» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ቤቶች ግን ከዚያ ትንሽ ሙከራ ብዙ ወርሰዋል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ቤት ያማረ ሶፋም፣ የመስታወት ግድግዳም አልነበረውም። ስለዚህ ለሰው የጠቀመው ነገር ምን እንደነበር በግልጽ ይታያል።

ሰውየውና ችግሩ

ብራድ ኒውበርግ ፕሮግራመር ነው። በ2005 (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ስታርታፕ (ጀማሪ ድርጅት) ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ደስተኛ አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ ለራሱ እየሠራ፣ እየተዘዋወረ አንድ ዓመት ያህል አሳልፏል። ያኔም የጎደለበት ነገር ነበር። ሲቀጠር ነፃነቱ ይናፍቀዋል። ለራሱ ሲሠራ ደግሞ ባልደረባ ይናፍቀዋል፤ ቀኑም ቅርጽ ያጣበታል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያገኝበት ቦታ አልነበረም።

ይህን ከቤቱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። ቤት የዋለ ሰው ሥራ እየሠራ ነው ብሎ የሚያምን ዘመድ ጥቂት ነው። «ቤት ነሽ አይደል? ውሃ መጥቷልና ሮቶውን ሙይልኝ» ይባላል። እንግዳ ይመጣል። ሕፃን ያለቅሳል። ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፤ ሌሊቱ ጠዋቱን ይበላዋል። ከሳምንት በኋላ ሰውየው ሥራ እየሠራ ይሁን እያረፈ ለራሱም አይለይለትም።

ነሐሴ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦገስት 9 ቀን 2005፣ ኒውበርግ ብሎጉ ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው የቀረበልን። ድርጅት ውስጥ ተቀጥረን ባልደረባና ሥርዓት እናገኛለን፤ በራሳችን ሕይወት ላይ ያለንን ሥልጣን ግን እናጣለን። ወይም ቤት ሆነን ነፃነት እናገኛለን፤ ብቸኝነትና መጥፎ ልማድ ግን አብረው ይመጣሉ። ሦስተኛ መንገድ እንፍጠር። በዚህ ማስታወቂያ ምክንያት እስከ ዛሬ ኦገስት 9 በብዙ አገር የኮዎርኪንግ ቀን ተብሎ ይከበራል።

እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2002 ቪየና ውስጥ ሹራውበንፋብሪክ በተባለ የድሮ ፋብሪካ፣ ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ቦታ ተጋርተው መሥራት ጀምረው ነበር። ላፕቶፕና ዋይፋይ እየተስፋፉ ሲመጡም ካፌዎቹ በፕሮግራመሮች ተሞልተው ነበር። ኒውበርግ የጨመረው ነገር ችግሩን በስሙ መጥራቱ ነው። ማስታወቂያውን አንብቡት፤ ስለ ዕቃው ከተናገረው ይልቅ ስለ ብቸኝነት የተናገረው ይጎላል። የዛሬ ኮዎርኪንጎች ማስታወቂያ ፍጥነት፣ ካሬ ሜትርና የቡና ማሽን ነው። እሱ የጀመረው ከሰው ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከቁም ነገር የምቆጥረው።

በሰው ቤት፣ በሚታጠፍ ጠረጴዛ

ቢሮ አልተከራየም። ሚሽን በሚባለው ሰፈር ስፓይራል ሚዩዝ የሚባል፣ ሴቶች የሚያስተዳድሩት የጋራ ቤት ነበር። እዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ማክሰኞ፣ ቦታ እንዲሰጡት ተስማማ። ክፍያው በወር 300 ዶላር። ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ጠዋት ቀደም ብሎ እየመጣ የሚታጠፉ ጠረጴዛዎችን ይዘረጋል። ማታ አጣጥፎ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ቦታው ከአምስት እስከ ስምንት ሰው የሚይዝ ነበር። ዋይፋይ ነፃ ነው።

ይህን ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ስልክ ማውሪያ ሳጥን የለም። ፕሪንተር የለም። የስብሰባ ክፍል የለም። የራሴ የምትለው መሳቢያ የለም፤ ዛሬ የተቀመጥክበት ጠረጴዛ ነገ ተጣጥፎ ግድግዳ ሥር ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ ቤቱ የሌሎች ነው። ዛሬ አንድ ኮዎርኪንግ ይህን ይዞ ገንዘብ ክፈሉ ቢል ማን ይከፍላል?

ባዶው ወር

የመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ለራሱ የሚሠራ ፕሮግራመር ሞልቷል። ችግሩ የእውነት ነው። ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ዋይፋዩ በርቷል፤ ማስታወቂያው ወጥቷል። ኒውበርግ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ማታ የማንም እጅ ያልነካውን ጠረጴዛ ያጥፋል። አንድ ወር እንደዚህ ነው ያለፈው።

ከዚያ በኋላ ራሱ ሰው ፍለጋ ወጣ። ሰዎችን ማነጋገር፣ መጋበዝ ጀመረ። ከዚያ አንድ ሰው መጣ፤ የስታርታፕ ሥራ የነበረው ፕሮግራመር። ቀጥሎ ሌሎች ተከተሉ። ቀስ እያለ ቤቱ ሰው ያለበት ቤት ሆነ።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ለባለቤቶች ትምህርት አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ገበያ ማፈላለግ ያስፈልጋል ብሎ። እኔ ግን ለተጠቃሚው የሚበልጥ ነገር አለበት እላለሁ። ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ለማምጣት መጋበዝ ካስፈለገ፣ ክፍሉ ውስጥ የገቡትን ለማስተዋወቅም መጋበዝ ያስፈልጋል። ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻውን ባልደረባ አያደርግም። እኛን ደግሞ ይሉኝታ ይይዘናል። «ሥራ ላይ ነው፣ አልረብሸው» ብለን ከአንድ ሰው አጠገብ ሦስት ወር «ሰላም ዋልክ» ብቻ እየተባባልን እንቀመጣለን። ያ ሰው ምናልባት እኛ ሁለት ቀን የፈጀንበትን ችግር ባለፈው ዓመት ፈትቶታል። ምናልባት እኛ የምንሠራውን ሥራ የሚፈልግ ደንበኛ ያውቃል። አንጠይቅም፤ አይነግረንም። ከዚያ ወሩ ያልቅና «ምን አገኘሁ?» እንላለን።

እድር የገባ ሰው መዋጮውን በየወሩ እየከፈለ ለቅሶ ባይደርስ፣ ስብሰባም ባይገኝ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ እንጂ እድርተኛ አይሆንም። የጋራ መሥሪያ ቦታም እንዲሁ ነው። ክፍያው በሩን ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእኛ መገኘት ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ ይሉኝታን እንዴት እንሻገረው? ከሁሉ የሚቀለው ስለ ሙያ ማውራት ትቶ ስለ ዛሬው ሥራ መናገር ነው። «ምን ትሠራለህ?» የሚለው ጥያቄ ባብዛኛው ወሬውን ይዘጋዋል። «ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ።» «አሪፍ ነው።» አለቀ። ነገር ግን ማኪያቶ እየጠበቃችሁ «ዛሬ አንድ ደንበኛ ክፍያውን በቴሌብር እንዲሆንለት ፈልጎ፣ ዌብሳይቱ ላይ ማገናኘቱ አስቸግሮኛል» ብትሉ፣ ከሚሰማችሁ መካከል አንዱ ወይ መልስ አለው፣ ወይ መልስ ያለውን ሰው ያውቃል። የሚቀጥለው ቀን «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያቺ ጥያቄ ናት ባልደረባ ማለት።

ሌላው መንገድ በአስተናጋጇ ወይም በማናጀሩ በኩል ነው። በደህና ኮዎርኪንግ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ኒውበርግ በራሱ ቤት ያ ሰው ራሱ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እሱን ወይም እሷን አግኝታችሁ ምን እንደምትሠሩ፣ ምን ዓይነት ሰው ማግኘት እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩ። «ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ» ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ለነሱ ሥራቸውን ያቀልላቸዋል።

ምሳና 11 ሰዓት ከ45

ሰው መምጣት ሲጀምር ያ ቤት ምን ይሰጥ ነበር? የተጻፈው ዝርዝር አጭር ነው። ጠረጴዛና ዋይፋይ፣ አብሮ ምሳ መብላት፣ በመሀል ዝም ብሎ የመቀመጥና ሐሳብ የመሰብሰብ ዕረፍት፣ ማሳጅ፣ የብስክሌት ጉዞ፣ ደግሞም ጥብቅ የመዝጊያ ሰዓት። የመዝጊያው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ45 ነበር።

ማሳጁና ብስክሌቱ የካሊፎርኒያ ነገር ነው፤ አልፈዋለሁ። ምሳውና መዝጊያው ግን ይቆየን።

ምሳ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ዕቃው ይከፈታል፣ ሽሮውም አልጫውም አንድ ላይ ይቀርባል፣ «ኑ እንብላ» ይባላል። ቢሮ ውስጥ የማይነገረው ነገር እዚያ ይነገራል። ማን ሊለቅ ነው፣ የትኛው ድርጅት ሰው ይፈልጋል፣ የቱ ደንበኛ ክፍያ ያዘገያል። ኮዎርኪንግ ስንገባ ግን ይህንን ልማዳችንን በር ላይ ጥለነው እንገባለን። ሄድፎን እንዳደረግን ሳንድዊች እንበላለን፤ ወይ ብቻችንን ወጥተን በልተን እንመለሳለን። ከከፈላችሁበት ቀን ውስጥ አንዲት ሰዓት ብቻ ማዳን የምትችሉ ከሆነ የምሳዋን አድኑ። ለቀሪው ሰዓት ሄድፎናችሁን አድርጋችሁ ብትውሉ እንኳ በምሳ የተገኘው ይበቃል።

መዝጊያውን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል። ዛሬ «24 ሰዓት ክፍት» የሚለው እንደ ትልቅ ጥቅም ነው የሚሸጠው። ኒውበርግ ተቃራኒውን ነው ያደረገው፤ ቀኑ ማለቂያ እንዲኖረው ፈለገ። ምክንያቱም እሱን ቤት ውስጥ ያስቸገረው ሥራ ማጣት አልነበረም። ሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ማጣቱ ነበር። በር የሚዘጋበት ሰዓት ሲታወቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለው ሰው ከፌስቡክ ይወጣል። ማታ ቤቱ ሲገባም ሥራውን ጨርሶ ነው የሚገባው።

በዚህ ላይ ጥናትም አለ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ግሬችን ስፕራይትዘር ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2015 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ያወጣችው ጽሑፍ ነው። የኮዎርኪንግ ተጠቃሚዎች በሥራቸው ምን ያህል እንደሚበረቱና እንደሚለመልሙ ሲጠየቁ ሰባት ነጥብ ባለው መለኪያ ወደ 6 የሚጠጋ ነጥብ ሰጡ። በመደበኛ ቢሮ ካሉ ሠራተኞች ቢያንስ በአንድ ነጥብ ይበልጣል። ምክንያት ተብለው የቀረቡት ሦስት ናቸው፦ ሥራቸውን ትርጉም ያለው አድርገው ማየታቸው፣ በሥራቸው ላይ የተሻለ ሥልጣን መኖሩ፣ የአንድ ማኅበረሰብ አካል እንደሆኑ መሰማታቸው። እኔ ግን ከነጥቡ ይልቅ ሌላ ግኝት ነው የያዘኝ። ልክ ያለፈ ነፃነት ሥራን እንደሚጎዳ፣ ሰዎቹ ቋሚ ልማድና መዋቅር እንደሚፈልጉ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ኒውበርግ ከጥናቱ አሥር ዓመት ቀድሞ በአንድ የመዝጊያ ሰዓት የያዘው ነገር ይህ ነው።

ጥናቱ ሌላም ነገር ይላል። ከሰው ጋር መቀላቀሉ በግድ አይደለም። ሰው የሚፈልገው መቼ እንደሚያወራና መቼ ዝም እንደሚል ራሱ መምረጥ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩት ቀኑን ሙሉ መንጫጫት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ ምሳ ድረስ ማንንም ሳያነጋግሩ ከባዱን ሥራ መጨረስ፣ በምሳ ማውራት፣ ከሰዓት ቀለል ያለውን ሥራና ስልኩን ማድረግ ለብዙ ሰው ይሠራል። ስልክ ከጠረጴዛችሁ ተነሥታችሁ፣ ወጣ ብላችሁ አውሩ። የዙም ሚቲንግ ካላችሁ ክፍሉን አስቀድማችሁ አስይዙ። ጎረቤታችሁ የናንተን የደመወዝ ድርድር መስማት የለበትም።

ቤቱ ሲዘጋ

ስፓይራል ሚዩዝ ውስጥ የነበረው ሙከራ ከአንድ ዓመት በኋላ ቆመ። እንደ ንግድ ካየነው ትርፍ የሚባል ነገር የለውም፤ 300 ዶላር ኪራይ፣ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ስምንት ሰው። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2006 ኒውበርግ ከሌሎች ጋር ሃት ፋክተሪ የሚባለውን ከፈተ። ሰዎች ማታ የሚኖሩበት ቀን ደግሞ ለሥራ የሚከፈት ሰፊ አፓርታማ ነበር። አብረውት ከነበሩት መካከል ክሪስ ሜሲናና ታራ ሃንት ነበሩ። ሜሲና በ2007 ትዊተር ላይ ሃሽታግ እንጠቀም ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነው። እሱና ሃንት ቀጥለው ሲቲዝን ስፔስ የሚባል፣ መኖሪያ የሌለበት ለሥራ ብቻ የሆነ ቦታ ከፈቱ። በ2007 ፊላደልፊያ ላይ አሌክስ ሂልማንና ጄፍ ዲማሲ ኢንዲ ሆልን አቋቋሙ። እነዚህ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ ዊኪ (ሁሉም የሚጽፍበት ድረ ገጽ) ልምዳቸውን ይለዋወጡ ነበር። ኒውበርግ ሐሳቡን የኔ ብሎ አልያዘውም፤ ውሰዱ፣ እንደሚመቻችሁ ለውጡት አለ። ፕሮግራመሮች ሶፍትዌርን በነፃ እንደሚለቁት ማለት ነው።

ለእኛ ለተጠቃሚዎቹ ይህ ምን ይነግረናል? ቤቱ ተዘግቷል፤ ትውውቁ ግን ቀጠለ። ሕንፃ ይዘጋል፣ ኪራይ ይጨምራል፣ ማናጀር ይቀየራል። በየወሩ ከምትከፍሉት ገንዘብ ውስጥ ቤቱ ቢዘጋ እንኳ የሚቀርላችሁ ያወቃችሁት ሰው ነው። ስልክ ቁጥሩን ያዙ፤ ቴሌግራም ግሩፕ ካለ ግቡ፤ ከሌለ ክፈቱ።

ተቃራኒውን ለማየት ዊዎርክ የተባለውን ትልቅ የኮዎርኪንግ ኩባንያ መጥቀስ ይበቃል። በ2010 ኒውዮርክ ተመሠረተ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ዋጋው 47 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲሞክር የሒሳብ መዝገቡ ተገለጠ፤ ዕቅዱ ተሰረዘ። በኖቬምበር 2023 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ለኪሳራው ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የረጅም ጊዜ ኪራይ ተከራይቶ ለአጭር ጊዜ ማከራየቱ አንዱና ዋናው ነው። ሕንፃዎቹ ያማሩ ነበሩ፤ ብዙ ሰውም ጥሩ ሥራ ሠርቶባቸዋል። ነገር ግን አንድ ተጠቃሚ የሚቆጥረው የሕንፃውን ውበት ከሆነ፣ የሚያጣውም ከሕንፃው ጋር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው

እኛም ጋ ነገሩ አዲስ አይደለም። አይስአዲስ በ2011 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር ነው የተጀመረው። ብሉሙን ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ባቋቋሙት በዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የተመሠረተ ነው። ሁለቱም ከጠረጴዛ በላይ ሰውን ለማገናኘት የታሰቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቦሌም በሌሎች ሰፈሮችም ብዙ ተከፍተዋል።

እኛ ጋ የሚለየው የመግቢያው ምክንያት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሰው የመጣው ብቸኝነት ገፍቶት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚገፋው መብራትና ኢንተርኔት ነው። ቤት ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ደንበኛው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው ኮዎርኪንግ የሚገባው ጄኔሬተሩን አይቶ ነው፤ ጄኔሬተሩን ብቻ ተጠቅሞም ይወጣል። አልፈርድበትም። ግን ለጄኔሬተር የከፈለበት ብር ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ማወቁ ይጠቅመዋል።

የሰዓቱም ጉዳይ ይለያል። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር የሚሠራ ሰው የደንበኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእሱ እንደየወቅቱ ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ነው። 11 ከ45 ላይ በር ይዘጋ ቢባል እንጀራው ሊቋረጥ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው መዝጊያው ሌላ ቦታ ይሁን። ለምሳሌ ጠዋቱን ለቤተሰብ ሰጥቶ፣ ከምሳ ጀምሮ ገብቶ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት። ዋናው ነገር ሰዓቱ ቀድሞ መወሰኑ ነው። በተለይ ሴቶች የማታውን ትራንስፖርት ማሰብ አለባቸው፤ ስትከፍሉ ቤቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ አትጠይቁ፤ በዚያ ሰዓት ማን እንዳለ፣ ጥበቃው እንዴት እንደሆነም ጠይቁ።

ቀናቱም ይወሰኑ። ከኒውበርግ ጉዳይ እኔ በጣም የምወደው ሰኞና ማክሰኞን ነው። እሱ በሁለት ቀን የተወሰነው አቅሙ ያን ያህል ስለነበረ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ግሩም ነው። ሁሉም ያው ሁለት ቀን ስለሚመጣ ሁሉም ይገናኛል። ዛሬ በወር ክፍያ በፈለግነው ቀን፣ በፈለግነው ሰዓት እንገባለን። አንድ ቀን ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ ቀን ቅዳሜ ጠዋት። ሁልጊዜ አዲስ ፊት እናያለን፤ ማንንም አናውቅም። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ የሙሉ ወር መክፈል የግድ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያው ቀን፣ ከተቻለ ያው ጥግ። ሦስት ቀን ቤት ሥሩ። በዘፈቀደ ከሚመጣ የሙሉ ወር ከፋይ ይልቅ እናንተ ብዙ ሰው ታውቃላችሁ።

ለማን አይሆንም? የደንበኛ ምስጢር የያዙ ጠበቆችና የሒሳብ ባለሙያዎች የሚቆለፍ ክፍል ካላገኙ ቢቀርባቸው ይሻላል፤ የጋራ ጠረጴዛ ላይ ስክሪን ሁሉም ያየዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ሰውም እንደዚሁ፤ ራሱም አይመቸው፣ ሌላውንም ያስቸግራል። የቀረነው ግን መሞከር እንችላለን።

አሞካከሩ ቀላል ነው። ብዙ ቦታ የቀን ክፍያ አለ። የወሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰኞና በሳምንቱ ያንኑ ሰኞ ግቡ። ዋይፋዩንማ በአሥር ደቂቃ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሌላውን እዩ፤ በምሳ ሰዓት ሰው አብሮ ይቀመጣል ወይስ ሁሉም በየጠረጴዛው ነው? ማናጀሩ ሰውን በስም ይጠራል? ግድግዳው ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት ማስታወቂያ አለ ወይስ ያለፈው ዓመት ነው የተሰቀለው? አንድ ሰው ስለሚሠራው ነገር ጠይቁት፤ የናንተንም ንገሩት። በሁለተኛው ሰኞ ያ ሰው ሥራችሁ የት እንደደረሰ ከጠየቃችሁ የወሩን ክፈሉ።